ኩልና አልኮል ዘመዳሞች ናቸው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ለአንዲት ተማሪ መልስ ስጽፍ «ቃል አገር ሲለውጥ ትርጉሙንም ይለውጣል» ብዬ በአንድ መስመር አልፌ ነበር። ያቺ አንድ መስመር ብዙ ደብዳቤ አመጣችልኝ። እኔ 22 ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው ማድረስ ነው ሥራዬ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ሳነብ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ፤ ደስ የሚልም፣ የማይልም። ሁሉንም ማተም ስለማይቻል እነዚህን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ቢሯችን ውስጥ አዲስ ጣሊያናዊ ባልደረባ አለን። ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲገባ «ቻው!» ይለናል። የመጀመሪያው ቀን ሊሄድ መስሎን እጃችንን አውለበለብንለት። ቃሉ የራሱ ቋንቋ ነው፤ ተሳስቷል ማለትም አልቻልንም። ታዲያ የተሳሳትነው እኛ ነን?
— የቢሮ ሠራተኛ

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። ቃሉ የተወለደው ቬኒስ ነው። የዚያ አካባቢ ሰዎች ሲገናኙም ሲለያዩም «ባሪያህ ነኝ» ይባባሉ ነበር፤ «ታዛዥህ ነኝ» እንደ ማለት። በአነጋገራቸው ባሪያ «ስቻቮ» ነው። ቃሉ እያጠረ ሄዶ «ቻው» ሆነ። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ሲመጡም ሲሄዱም ይሉታል። እኛ የወሰድነው ግማሹን ነው፤ የመለያያውን። ጀርመኖችም፣ አርጀንቲናዎችም እንደኛው የመለያያውን ብቻ ወስደዋል።

በደቡብ ጀርመንና በኦስትሪያ ደግሞ «ሴርቩስ» የሚባል ሰላምታ አለ። እሱም በላቲን ባሪያ ማለት ነው። ሲገናኙም ሲለያዩም ይባላል። እነዚህ ሰዎች በቀን ስንቴ ባሪያህ ነኝ እንደሚባባሉ አንዳቸውም አያስቡትም። ትርጉሙ ካለቀ ቆይቷል፤ የቀረው ፈገግታው ነው። ባልደረባችሁ ነገ ሲገባ እናንተም «ቻው» በሉት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጀርመንኛ መማር ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው። መምህራችን «ጊፍት» ማለት መርዝ ነው ሲለን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በእንግሊዝኛ እኮ ስጦታ ነው! ሁለቱ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመድ ናቸው ይባላል። ታዲያ እንዴት አንዱ ስጦታ ሲሰጥ ሌላው መርዝ ይሰጣል?
— የጀርመንኛ ተማሪ

መልስ፦ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። «ሌላው መርዝ ይሰጣል» ብለሻል። ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ የመጣው «መስጠት» ከሚለው ነው። ጀርመንኛም ድሮ ስጦታ ይልበት ነበር። ዛሬም ሙሽራ ከቤተሰቧ ይዛ የምትሄደውን ሀብት «ሚትጊፍት» ይሉታል፤ እዚያ ውስጥ መርዝ የለም።

መርዙ የመጣው ከሕክምና በኩል ነው። ግሪኮች ለበሽተኛ የሚሰጠውን መድኃኒት «ዶሲስ» አሉት። የሚሰጥ ነገር ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሞቻችን «ዶዝ» የሚሉት ይኸው ነው። ጀርመኖችም በዚያው መንገድ ሄዱ። መጀመሪያ የሚሰጥ ነገር፣ ከዚያ በልክ የሚሰጥ ነገር፣ ከዚያ ሰው ለመግደል የሚሰጥ ነገር። መርዝን በስሙ መጥራት ይከብዳል። «የሰጡት ነገር» ማለት ይቀላል። ቀስ በቀስ ስጦታው ጠፋና መርዙ ብቻ ቀረ። ስዊድኖች ጋ ያው ቃል ሁለት ነው፤ መርዝም ነው፣ ያገባ ሰው ማለትም ነው። ያገባ የሆነው ለትዳር «የተሰጠች» ከሚለው ተነሥቶ ነው።

ክፍላችሁ በጀርመኖች ከሳቀ በኋላ አማርኛንም ይመልከት። «መድኃኒት» ከመዳን የመጣ ቃል ነው። «መድኃኔዓለም» ስንል የዓለም አዳኝ ማለታችን ነው። ይህን ቃል ይዘን «የአይጥ መድኃኒት» እንላለን። አይጧን ከምን ሊያድናት! የበረሮ መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት። የጥንት ግሪኮችም «ፋርማኮን» ሲሉ መድኃኒትም መርዝም ነበር። ፋርማሲ የሚለው ስም የወጣው ከዚያ ነው።

ይህን ጉዳይ በሳቅ የማላልፈው በምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በስልክ አስተረጉም ነበር። አንድ ሌሊት ተደወለ። በአንድ በኩል አማርኛ የማይችል ሐኪም፣ በሌላ በኩል አንዲት እናት። እናቲቱ «ልጄ መድኃኒት ጠጣብኝ» አለች። እኔ ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ «ልጇ መድኃኒት ወስዷል» አልኩት። ሐኪሙ ረጋ ብሎ «ለምን በሽታ የታዘዘ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ይወስዳል?» አለኝ። ጥያቄውን አደረስኩላት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጮኸች። «የበረሮ ነው እኮ የምልሽ!»

የሐኪሙ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። ምን ማድረግ እንዳለባት፣ ምን ማድረግ እንደሌለባት በፍጥነት ነገራት። አምቡላንስ ተላከ። ልጁ ዳነ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የባከኑትን ሰከንዶች ደጋግሜ እቆጥር ነበር።

ሲነጋጋ አንድ ነገር ገባኝ። እናቲቱ ነግራኝ ነበር። «ጠጣልኝ» አላለችም፤ «ጠጣብኝ» ነው ያለችው። ልጅ የታዘዘለትን ሽሮፕ ሲጠጣ እናት «ጠጣልኝ» ትላለች፣ ተመስገን እያለች። «ብኝ» ካለች ግን ክፉ ነገር ደርሷል። አማርኛ ለውጡን ሁሉ በአንዲት ፊደል ነው የሚናገረው። እንግሊዝኛ ያቺን ፊደል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። እኔም ወደ እንግሊዝኛው ስቸኩል መንገድ ላይ ጣልኳት። ከዚያ ወዲህ «መድኃኒት» ያለኝን ሰው ሁሉ «የምን?» ብዬ ሳልጠይቅ አፌን አልከፍትም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ጊዜ ስላገኘሁ ዕብራይስጥና ዓረብኛ በትንሹ እየተማርኩ ነው። በዕብራይስጥ «ኤሌፍ»፣ በዓረብኛ «አልፍ» ማለት 1,000 ነው። የእኛ «እልፍ» 10,000 ነው። ቃሉ አንድ እንደሆነ ያስታውቃል። የአሥር እጥፍ ልዩነት ለሒሳብ መምህር ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ዜሮ የጨመረው ማን ነው?
— የቀድሞ መምህር

መልስ፦ መምህር፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት የእርስዎን ነው።

ግዕዝ ለሺህ የተለየ ስም አላስፈለገውም። «ዐሠርቱ ምእት» ይላል፤ አሥር መቶ። ሲጽፈውም ፲፻ ነው። መቶው መቶ ጊዜ ሲሞላ «እልፍ» ይላል፤ ምልክቱ ፼ ነው። ቆጠራው በመቶ በመቶ እየዘለለ ነው የሚሄደው። እኔ እንደሚመስለኝ የሺህ ቦታ በ«አሥር መቶ» ስለተያዘ፣ ያ ትልቁ የቁጥር ስም ወደሚቀጥለው ደረጃ ወጣ። በኋላ አማርኛ «ሺህ»ን ሲይዝ እልፍ ካለበት አልወረደም። በዓረብና በዕብራይስጥ ቤት ግን ድሮ ባለበት ቀረ። ዜሮውን የጨመረ ሰው የለም። ወንድማማቾቹ የተለያየ ቤት አደጉ።

አሁን መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊን ያውጡና ምዕራፍ 18ን ይመልከቱ። ሴቶቹ «ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ» እያሉ ይዘፍናሉ። ከዚያ ዕብራይስጡን ከጎኑ ያድርጉ። እዚያ «ኤሌፍ» የሚለው ቃል ያለው በሳኦል በኩል ነው። የዳዊት ቁጥር በሌላ ቃል ነው የተነገረው። በአማርኛው እልፍ ወደ ዳዊት ተሻግሯል። ቃሉ ሰው ቀየረ፤ ቁጥሩ ግን አልተዛነፈም። ተርጓሚዎቹ ድምፁን ተከትለው እልፍን ለሳኦል ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ ሳኦል የሚቆጣበት ምክንያት ባልነበረው ነበር። ታሪኩ ራሱ ይፈርስ ነበር። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ለእነዚያ ስማቸውን ለማላውቃቸው ተርጓሚዎች ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

በዕብራይስጥዎ ሌላም ያገኛሉ። «ሌሔም» ዳቦ ነው፤ ዓረቦች ጋ ሲደርስ «ላሕም» ሥጋ ነው። ስለዚህ ቤተልሔም ለአንዱ የዳቦ ቤት፣ ለሌላው የሥጋ ቤት ትሆናለች። ሁለቱም ቃሉን የሰጡት ለዋናው ምግባቸው ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ ልቤን ይይዘዋል። ግዕዝና አማርኛም እንዲህ ይለያያሉ። በግዕዝ «ሀገር» ብዙ ጊዜ ከተማ ነው። እኛ ጋ ሰፍቶ ሰፍቶ ድንበርና ሰንደቅ ዓላማ ያለው ሆኗል።

ለሒሳብ ሰው ከእልፍ የባሰው ግን «ቢሊዮን» ነው። እኛና እንግሊዞች 9 ዜሮ እንጽፍለታለን። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ያንን «ሚሊያርድ» ይሉታል። የእነሱ ቢሊዮን 12 ዜሮ አለው። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ የ9 ዜሮውን በይፋ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ የእንግሊዝ መጽሐፍ ላይ ቢሊዮን ካዩ ዜሮውን ይቁጠሩ። እኔ ለማስተርጎም ስቀመጥ ወረቀት አጠገቤ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ትልቅ ቁጥር ከተጠራ በአኃዝ ጽፌ አሳያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኩልና አልኮል አንድ ቃል ናቸው ብሎ ተከራከረኝ። የማይመስል ነገር ነው። አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለመጠጥ። ፍረጂን።
— ሁለት ወንድማማቾች

መልስ፦ ወንድምህ ረትቷል። ዓረቦች «አል ኩሕል» ሲሉ ዓይን የሚኳሉበት፣ እጅግ ልሞ የተፈጨ ጥቁር ዱቄት ማለታቸው ነው። «አል» መነሻዋ ብቻ ናት። ቃሉ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ቀማሚዎች እጅግ የላመ ዱቄትን ሁሉ በዚህ ስም ጠሩት። ከዚያ የላመው ብቻ ሳይሆን የተጣራው፣ ከሌላ ነገር ተለይቶ የወጣው ንጥር ሁሉ «አልኮል» ተባለ። ከወይን ጠጅ ተነጥሮ የሚወጣውም «የወይን አልኮል» ሆነ። በመጨረሻ ወይኑ ከስሙ ወደቀና አልኮል ብቻውን ቀረ። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ኩል በአንድ መንገድ፣ አልኮል በሌላ መንገድ ገብተው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

እግረ መንገዴን ስለ «ባቡር» ልንገራችሁ፤ ይኼ ቃል በጣም ይገርመኛል። መነሻው በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ እንፋሎት ማለት ነው፤ «ቫፖሬ»፣ «ቫፐር»። በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ ሲመጣ መርከቡ ራሱ እንፋሎት ተባለ። ቱርኮች እስከ ዛሬ «ቫፑር» ሲሉ ሰው የሚያሻግር መርከብ ነው። ግብፆች «ዋቡር» ሲሉ ሞተሩም፣ የሚጮኸው የጋዝ ምድጃም ነው። ፍልስጤሞች ምድጃውን «ባቡር» ይሉታል፣ ልክ እንደ እኛ አጠራር። ለእኛ ግን ባቡር በሐዲድ ላይ የሚሄደው ነው። የኢስታንቡል ሰው፣ የፍልስጤም እናትና እኔ አንድ ክፍል ብንቀመጥ፣ አንድ ቃል ጠርተን አንዳችን ባሕር፣ አንዳችን ማድቤት፣ አንዳችን ሐዲድ እናስባለን። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደውንም ባቡር እንለዋለን። እንፋሎት የሚባል ነገር አጠገቡ የለም።

«መኪና»ም እንዲሁ ነው። ጣሊያኖች «ማኪና» ሲሉ ማንኛውም ማሽን ነው፤ ተሽከርካሪውም ጭምር። እኛ ተሽከርካሪውን ያዝን። ግን «የስፌት መኪና» እና «የጽሕፈት መኪና» ስንል የድሮው ትርጉም ብቅ ይላል። ሩሲያኛ የሚችል ካለ ይጠይቅ፤ የእነሱ «ማሺና»ም መኪናም ማሽንም ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እጮኛዬ የውጭ አገር ሰው ነው። አማርኛ እየለመደ ነው። አንድ ቀን «ሆዴ» ብዬ ጠራሁት። ምን ማለት ነው አለኝ፣ ቃል በቃል ነገርኩት። ወደ ሆዱ ዝቅ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። ወፍረሃል ያልኩት መስሎት ነበር። እንዴት ነው የማስረዳው?
— የተቸገረች

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ ቃል በቃል መንገር ተዪ። ፍቅር ቃል በቃል አይተረጎምም።

ሰው ሁሉ ስሜቱ ሰውነቱ ውስጥ የሆነ ቦታ ይቀመጣል። ቦታው ግን በየቋንቋው ይለያል። እንግሊዞች ልብ ውስጥ አስቀመጡት። ኢንዶኔዥያዎች «ሀቲ» ይላሉ። ቃሉ በሰውነት ጉበት ነው፤ ሲወዱና ሲከፉ ግን የሚናገሩት በእሱ ነው። ሰው አስቀየመኝ ሲሉ «ሀቲ»ዬ ታመመ ይላሉ፤ «ሀቲ ሀቲ» ካሉሽ ደግሞ ተጠንቀቂ ማለት ነው። ፋርሶች የሚወዱትን ሰው «ጂጋራም» ይሉታል፤ ጉበቴ። እኛ ሆድና አንጀት ውስጥ አስቀመጥነው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ራሰ። «ሆደ ሰፊ» ለእኛ ታጋሽ ሰው ነው። ለሌላው ቀጥታ ብትተረጉሚው ስድብ ይሆናል።

ልብ ደግሞ ለእኛ ብዙ ጊዜ የማሰቢያ ቦታ ነው። «ልብ በል» ስንል አስተውል ነው። «ልብ ወለድ» ከአሳብ የተወለደ ነው። ይህን ካላወቅሽ የምትወድቂበት ጉድጓድ አለ። በእንግሊዝኛ «ኸርትለስ»፣ ልብ የሌለው፣ ጨካኝ ማለት ነው። በአማርኛ «ልበ ቢስ» የማያስተውል፣ የሚዘነጋ ሰው ነው። አንዴ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ስለ ልጃቸው በፍቅር «እሱ ልበ ቢስ ነው፣ ቁልፉን ሁልጊዜ ይረሳል» ሲሉ፣ አብሮኝ የነበረው ጀማሪ አስተርጓሚ ጨካኝ አደረገው። አድማጮቹ አዛውንቱን በሐዘን አዩዋቸው። ቁልፉ ከጭካኔ ጋር ምን እንዳገናኘው ግን ለማንም አልገባም። ቶሎ አቃናሁት።

ለእጮኛሽ እንዲህ በዪው። «እናንተ ልቤ የምትሉትን እኛ ሆዴ እንላለን።» ከዚያ ደግመሽ ጥሪው። ሁለተኛ ጊዜ ወደ ሆዱ አያይም።

ጥያቄ፦ ሥራዬ ውል መመርመር ነው። ውሎቻችን በሁለት ቋንቋ ነው የሚጻፉት። ሁለቱም ወገን ፈርሞ፣ ሁለቱም ሌላ ሌላ ነገር ተረድቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከየትኛው ቃል ነው መጠንቀቅ ያለብኝ?
— ውል መርማሪ

መልስ፦ ከምታውቀው ቃል። የማታውቀውን መዝገበ ቃላት ታያለህ። የምታውቀውን ግን ማን ይፈትሸዋል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ መኮንኖች አንድ ቋንቋ ይዘው ተቸገሩ። ቸርችል ራሱ በትዝታ መጽሐፉ ጽፎታል። እንግሊዞቹ አንድ አስቸኳይ ጽሑፍ «ቴብል» እናድርገው አሉ። ለእነሱ ይህ ጠረጴዛ ላይ እናቅርበውና እንወያይበት ነው። ለአሜሪካኖቹ ደግሞ ወደ ጎን እናቆየው ነው። አሜሪካኖቹ አይሆንም፣ አይቆይም ብለው ተሟገቱ። ረጅምና መራራ ክርክር ሆነ። መጨረሻ ላይ የሚፈልጉት አንድ ነገር እንደነበር ታወቀ። «ሳንክሽን»ም እንዲህ ነው። በዚያው በእንግሊዝኛ ፈቃድም ነው፣ ቅጣትም ነው።

የውጫሌን ታሪክ ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። አንቀጽ 17፣ «ይቻላቸዋል» የምትለዋ ቃል፣ እ.ኤ.አ. 1889። አማርኛው ምርጫ ሰጠ፣ ጣሊያንኛው ግዴታ ተደርጎ ተነበበ። በዚያ ላይ ብዙ ደም ፈሰሰ። እኔ ሁልጊዜ አብሬ የማነሣው ግን ከዚያ 49 ዓመት ቀደም ብሎ በኒውዚላንድ የተፈረመውን የዋይታንጊን ውል ነው፤ የካቲት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. 1840። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የማኦሪ አለቆች ሉዓላዊነታቸውን ለእንግሊዝ ንግሥት እንደሰጡ ይናገራል። የማኦሪኛው ጽሑፍ ሰጡ የሚለው «ካዋናታንጋ»ን ነው። «ካዋና» ገቨርነር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተሠራ ነው፤ አገረ ገዥ። ስለዚህ የአገረ ገዥ አስተዳደር እንደ ማለት ነው። በሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ የአለቅነት ሥልጣናቸው እንደተጠበቀ ይነበባል። ከ500 በላይ አለቆች ፈረሙ፤ አብዛኞቹ የፈረሙት ማኦሪኛውን ነው። አስተዳደር ፈቀድን ብለው የሄዱ ሰዎች አገር ሰጡ ተባሉ። ጉዳዩን የሚያጣራ ችሎት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። 135 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

ለሥራህ የምመክርህ ይህን ነው። የትኛው ቋንቋ የበላይ እንደሆነ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። ከዚያ ስሞቹን ተውና ግሦቹን ያዝ። ይችላል፣ አለበት፣ ይፈቅዳል፣ ይስማማል። እነዚህን አንድ በአንድ ለሁለቱም ወገን እያነሣህ «ይህ ሰው ይህን ባያደርግ ምን ይሆናል?» ብለህ ጠይቅ። መልሳቸው ከተለያየ ቃሉ ሁለት ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ አስቁማቸው።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ «እማማ የሚለው ቃል በዓለም ሁሉ እናት ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ልክ ነኝ?
— አባት

መልስ፦ አብዛኛው ቦታ አዎ። ሕፃን መጀመሪያ የሚቀለው ከንፈር ገጥሞ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ «ማ»፣ «ባ»፣ «ፓ»። ወላጅ ደግሞ ድምፁን ለራሱ ይወስደዋል። ጆርጂያኖች ግን «ማማ» የሚሉት አባትን ነው። እናታቸው «ዴዳ» ናት። ለልጅህ ይህን ስትነግራት ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ሂንዲ በሚናገሩ ሰዎች መካከል እሠራለሁ። «ካል» ማለት ትናንት ነው ብለው አስተማሩኝ። በኋላ ሌላው ሰው ነገ ነው አለኝ። የቀጠሮ ነገር ስለሆነ ግራ ገባኝ። የትኛው ነው እውነቱ?
— ቀጠሮ ያመለጠው

መልስ፦ ሁለቱም። «ካል» ከዛሬ አንድ ቀን የራቀ ቀን ነው፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም። የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ግሡ ነው። «ካል መጣሁ» ካለህ ትናንት ነው፣ «ካል እመጣለሁ» ካለህ ነገ ነው። ግሥ ሳይጨምር «ካል!» ብቻ ብሎህ ከሄደ ተከትለህ ጠይቀው።

የራስህንም ቃል እስቲ ቀስ ብለህ ጥራው። ነጋ፣ ንጋት፣ ነገ። «ነገ» ስንል «ሲነጋ» እያልን ነው። ጀርመኖች «ሞርገን» ሲሉ ጠዋትም ነገም ነው። ለዚህ ነው ነገ ጠዋት ሲሉ «ሞርገን ሞርገን» ከማለት ሸሽተው «ነገ ማለዳ» የሚሉት። ስፔኖች ግን አይሸሹም፤ «ማንያና» ጠዋትም ነገም ስለሆነ ቃሉን ደግመው ይጠሩታል። «ካል»ም ከጥንታዊው ሳንስክሪት የንጋት ስም ነው የመጣው። እኛ የሚመጣውን ንጋት ብቻ ወሰድን፤ እነሱ ያለፈውንም አልተዉትም።

ለቀጠሮህ ግን ቀኑን በቁጥር አስጽፍ።